ሉክሰምበርግና ኬፕ ቨርዴ፦ የሁለት ትናንሽ አገሮች የልማት ትብብር ምን አስገኘ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሉክሰምበርግ የምትባለው ትንሽ የአውሮፓ አገር የምዕራብ አፍሪካዋን ኬፕ ቨርዴን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትረዳ ቆይታለች። ኬፕ ቨርዴ ደግሞ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ከወጣች ብዙ ጊዜዋ ነው። ታዲያ እርዳታው ለምን ቀጠለ? የታየው ለውጥስ የእርዳታው ነው ወይስ የአገሪቱ የራሷ ጥረት? ይህ አሠራር ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይሠራል?» ጥያቄው ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ያዘለ ስለሆነ ምላሼ ረዘም ይላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምላሼን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። ለውጡ በመጀመሪያ ደረጃ የኬፕ ቨርዴያውያን ነው ብዬ አምናለሁ። ሉክሰምበርግ የምትመሰገንበት ነገር ሌላ ነው፤ በአንድ አገር ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየቷ፣ ገንዘቡን በብድር ሳይሆን በልገሳ መስጠቷ፣ እያደርም ገንዘቡ በተቀባዩ መንግሥት የራሱ ተቋማት በኩል እንዲያልፍ መፍቀዷ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ባንድነት ሲገኙ ብዙም አይታይም፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ብዙ መልካም ዕቅድ ፈርሶ አይተናል።

ኬፕ ቨርዴ ከሴኔጋል ጠረፍ በስተ ምዕራብ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙ አስር ደሴቶች ናት፤ ከአስሩ ሰው የሚኖርባቸው ዘጠኙ ናቸው። የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ በውጭ አገር የሚኖረው ኬፕ ቨርዴያዊና የኬፕ ቨርዴያዊ ተወላጅ በአገር ውስጥ ካለው ይበልጣል ተብሎ ይገመታል። መሬቷ የእሳተ ገሞራ ዓለት፣ ዝናቧ የማይታመን ነው። በፖርቹጋል ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች በ1940ዎቹ በተደጋገመው ረሃብ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿ አልቀዋል። ሐምሌ 5 ቀን 1975 ነፃ ስትወጣም ከ1968 ጀምሮ የዘለቀ ድርቅ ውስጥ ነበረች። በጊዜው አንዳንድ ታዛቢዎች ይህች አገር ራሷን ችላ አትቆምም ብለው በግልጽ ይናገሩ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማነሣው አንድ ነገር አለ፤ ምክንያቱም የኋላው ታሪክ ሁሉ መነሻ ይመስለኛል። አዲሱ መንግሥት ከውጭ የሚመጣለትን የእርዳታ እህል በቀጥታ ለሕዝቡ አላከፋፈለም። እህሉ በገበያ እንዲሸጥ አደረገ፤ ከሽያጩ የተገኘውን ገንዘብ ደግሞ ብዙ የሰው ጉልበት ለሚጠይቁ የሕዝብ ሥራዎች ደመወዝ አዋለው። ገበሬው እርከን ሠራ፣ የጎርፍ ክትር ገደበ፣ የድንጋይ መንገድ ነጠፈ፣ ችግኝ ተከለ፤ በተከፈለውም ገንዘብ እህሉን ገዛ። በወሎና በትግራይ በእህል ለሥራ መርሐ ግብር እርከን ሲሠራ ያየ፣ ወይም ከ2005 ጀምሮ ያለውን የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ሐሳብ ዘመድ ያውቀዋል። ልዩነቱ በኬፕ ቨርዴ እህሉ ተሸጦ፣ ገንዘቡ በመንግሥት ሒሳብ ገብቶ፣ በመንግሥት በጀት መውጣቱ ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ባለሥልጣናት የእርዳታ ገንዘብን ተቀብሎ፣ መዝግቦና ሒሳቡን አወራርዶ ለለጋሽ የማስረዳት ልምድ ያዳበሩት ሉክሰምበርግ ከመምጣቷ ከአስራ አምስት ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ኬፕ ቨርዴ ለትብብር የተዘጋጀ ተቋም ይዛ ነው ሉክሰምበርግን የጠበቀቻት።

ሉክሰምበርግ ከዓለም አገሮች ሁሉ ለምን ኬፕ ቨርዴን መረጠች ለሚለው፣ መልሱ ያለው በፖሊሲ ሰነዶች ውስጥ ሳይሆን በሠራተኞች ፍልሰት ታሪክ ውስጥ ነው። የሉክሰምበርግ የብረታ ብረትና የግንባታ ኢንዱስትሪ የሰው ኃይል ሲጎድለው፣ አገሪቱ በ1970 ከፖርቹጋል ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈራረመች። ኬፕ ቨርዴያውያን በወቅቱ የፖርቹጋል ፓስፖርት የያዙ ስለነበሩ ከፖርቹጋላውያኑ ጋር አብረው ገቡ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የመጡት ከሳንቶ አንታዎ ደሴት ነበር። ደሴቲቱ ተራራማ፣ ሸለቆዎቿ ጥልቅ፣ ዛሬም እንኳ መንገደኛ የሚያሳርፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሌላት ናት፤ ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው በጎረቤት ደሴት በሳን ቪሴንቴ ካለው ከሚንደሎ ወደብ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል በመርከብ ይሻገራል። እነዚህ ስደተኞች በሉክሰምበርግ ማኅበራት አቋቁመው ለትውልድ መንደሮቻቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የሉክሰምበርግ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም ተከተሏቸው። የሉክሰምበርግ መንግሥት ኬፕ ቨርዴን ከዋና ተባባሪ አገሮቹ መካከል ያስገባት በ1993 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነቱ ሥር ሰዶ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ልናገር። የሉክሰምበርግ ሕዝብ 670 ሺህ ያህል ቢሆን ነው። አገሪቱ በብረት ትታወቅ የነበረች፣ በኋላም በባንክና በፋይናንስ ሥራ የበለጸገች ናት። የበለጸጉ አገሮች ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲያውሉ በተባበሩት መንግሥታት ቃል የተገባው በ1970 ነው፤ ብዙዎቹ ዛሬም አልደረሱበትም። ሉክሰምበርግ በ2000 ደረሰችበት፤ ከ2009 ወዲህ ደግሞ 1 በመቶ አካባቢ ላይ ቆይታለች። ከቁጥሩ በላይ የማከብረው ግን አቆጣጠሩን ነው። አንዳንድ ለጋሾች በገዛ አገራቸው ለስደተኞች መጠለያ የሚያወጡትን ወጪ ሳይቀር እንደ ልማት እርዳታ ሲመዘግቡ፣ ሉክሰምበርግ ይህን አትመዘግብም። ለአየር ንብረት ለውጥ የምትሰጠውንም ከልማት እርዳታው ላይ ቀንሳ ሳይሆን ተጨማሪ አድርጋ ትይዘዋለች። የምትሰጠውም ልገሳ ነው፤ ተቀባዩ አገር ወለድም ዋናውም አይጠየቅም።

አሁን ቀላል ስሌት እንሥራ። ከ2021 እስከ 2025 ለነበረው አምስተኛው የሁለቱ አገሮች የትብብር መርሐ ግብር የተያዘው 78 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ ይህም በዓመት 15.6 ሚሊዮን ዩሮ መሆኑ ነው። ለግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 31 ዩሮ ገደማ ይደርሳል። ይኸው ገንዘብ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ናይጄሪያ ቢሰጥ ኖሮ ለአንድ ሰው 8 ሳንቲም እንኳ አይሞላም ነበር። ትንሽ ለጋሽ ትልቅ አገር ውስጥ ሲገባ ድምፁ አይሰማም፤ ጥቂት ወረዳዎችን መርጦ ጥቂት ሕንጻ ሠርቶ ይመለሳል። በኬፕ ቨርዴ ግን ይኸው መጠን የአንድን ዘርፍ አገራዊ አደረጃጀት ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ሉክሰምበርግ ከትንሽ አገር ጋር መሥራቷ ራሱ ከውጤቱ አንዱ ክፍል ነው፤ ይህን ማድነቅ ያለብንን ያህል የሌላ አገር ውጤትን ከዚህ ጋር ስናወዳድር ልንጠነቀቅበት ይገባል።

የሥራው አካሄድ ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትብብሩ የተለመደውን የፕሮጀክት መልክ የያዘ ነበር፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋም፣ የውኃ ጉድጓድና የመጠጥ ውኃ መስመር። በሳንቲያጎ ደሴት መሐል በምትገኘው አሶማዳ ከተማ ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት በቀድሞው የሉክሰምበርግ መስፍን በታላቁ ዱክ በአንሪ ስም መጠራቱ የዚያ ዘመን አሻራ ነው። ሥራውን የሚያከናውነው በ1978 የተመሠረተውና ሉክስዴቭ የሚባለው የሉክሰምበርግ የልማት ትብብር ድርጅት ነበር፤ ባለሙያውን ይቀጥራል፣ ጨረታውን ያወጣል፣ ግንባታውን ይከታተላል፣ ከዚያ ያስረክባል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተበታተኑት ፕሮጀክቶች ለብዙ ዓመት በሚጸና የትብብር መርሐ ግብር ውስጥ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ከ2016 እስከ 2020 በነበረው አራተኛው መርሐ ግብር ደግሞ የዘርፍ የበጀት ድጋፍ ጉልህ ቦታ ያዘ።

የበጀት ድጋፍ የሚለው ቃል ለብዙዎች ደረቅ ሐረግ ሊመስል ስለሚችል አሠራሩን ላብራራ። ሁለቱ መንግሥታት አስቀድመው፣ ለምሳሌ በሙያ ስልጠና ዘርፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ ምን መታየት እንዳለበት ይስማማሉ። ገንዘቡ ወደ ኬፕ ቨርዴ ግምጃ ቤት ይገባል፤ የሚወጣውም በአገሪቱ የበጀት ሕግ፣ በአገሪቱ የግዥ ደንብና በአገሪቱ ኦዲት ነው። የሚቀጥለው ክፍያ የሚለቀቀው የተባለው ውጤት መታየቱ ሲረጋገጥ ነው። ለጋሹ ሕንጻ ላይ ስሙን አያጽፍም፤ ምርቃት ላይ ጥብጣብ የሚቆርጥበት አጋጣሚም ይቀንስበታል። ለአንድ ፖለቲከኛ ይህ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። ለተቀባዩ ግን መምህሩ ደመወዙን የሚቀበለው ከራሱ መንግሥት ይሆናል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ቢሮና የሚበተን ሠራተኛም አይኖርም።

ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ የማገኘው የትምህርት ቤት ምገባውን ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከነፃነት በኋላ ለረጅም ዓመታት የኬፕ ቨርዴን ተማሪዎች ሲመግብ ቆይቶ በ2010 ሥራውን ለመንግሥት አስረክቦ ወጣ። እንዲህ ያለው መውጣት በብዙ አገር አስደንጋጭ ነው፤ እህሉ በመርከብ መምጣቱ ያቆማል፣ ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹም ከክፍል መቅረት ይጀምራሉ። በኬፕ ቨርዴ ያልሆነው፣ ፊካዜ የሚባለው የአገሪቱ የማኅበራዊና የትምህርት ቤት ድጋፍ ተቋም ኃላፊነቱን ስለተረከበና ሉክሰምበርግም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በኩል ለሽግግሩ ዓመታት ገንዘብ ስለሰጠች ነው። እዚህ ላይ የእርዳታው ሚና መመገብ አልነበረም። መንግሥት ግዥውን፣ ማከማቻውን፣ ወደ ዘጠኝ ደሴቶች ማጓጓዙንና የምግብ ዝርዝሩን ማውጣቱን እስኪለምድ ድረስ ጊዜ መግዛት ነበር። ከለጋሾች መካከል ለአዲስ ነገር የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ሌላው ለጋሽ ሲወጣ የሚቀረውን ክፍተት ለመሙላት የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው።

የሙያ ስልጠናው ነገር የተደባለቀ ነው። በዋና ከተማዋ በፕራያ በሉክሰምበርግ ድጋፍ የተሠራው የሆቴልና ቱሪዝም ትምህርት ቤት በ2011 ሥራ ጀመረ። ቱሪዝም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሩብ ያህሉን የሚይዝ በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ትልልቆቹ ሆቴሎች ያሉት በሳልና በቦአ ቪስታ ደሴቶች ላይ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ የተተከለው በሳንቲያጎ ነው። በደሴት አገር ይህ ርቀት በአውቶቡስ የሚሸፈን አይደለም፤ ሰልጣኙ ለተግባር ልምምድ የአውሮፕላን ወይም የመርከብ ትኬትና ማደሪያ ያስፈልገዋል። ከዚህ የከበደው ደግሞ ስልጠና ሥራ አለመፍጠሩ ነው። በደንብ የሰለጠነ ወጣት በአገር ውስጥ ተመጣጣኝ ደመወዝ ካላገኘ ወደ ፖርቹጋል፣ አንዳንዴም ወደዚያችው ወደ ሉክሰምበርግ ይሄዳል። የሚልከው ገንዘብ ለቤተሰቡም ለአገሩም ይጠቅማል፤ ከውጭ የሚላከው ሐዋላ ከጠቅላላ ምርቱ ከአስር በመቶ በላይ ነው። ቢሆንም ግን ወጥ ቤቱንና መስተንግዶውን እንዲመራ የሰለጠነው ሰው ከአገር ከወጣ፣ ስልጠናው የታሰበለትን ዓላማ መታ ለማለት ይከብደኛል።

በ2015 በፕራያ የተከፈተው ሴርሚ የተባለው የታዳሽ ኃይልና የኢንዱስትሪ ጥገና ማዕከል የተሻለ የታሰበበት ይመስለኛል። የተሠራው በሉክሰምበርግ ገንዘብ ነው። ማዕከሉ የፀሐይና የንፋስ ኃይል መሣሪያ የሚተክሉና የሚጠግኑ ቴክኒሻኖችን ያሰለጥናል። «ጥገና» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ መግባቱን በጣም ወድጄዋለሁ፤ በአፍሪካ ውስጥ በእርዳታ የተተከሉ ስንት ፓምፖችና የፀሐይ ሰሌዳዎች አንዲት መለዋወጫ ወይም አንድ ባለሙያ አጥተው ቆመው እንደቀሩ ለዘርፉ ቅርብ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ኃይልና ውኃ በኬፕ ቨርዴ የተሳሰሩ መሆናቸውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ወንዝ የሌላት አገር ናት። እንደ ፕራያና ሚንደሎ ባሉ ከተሞችና በሳል ደሴት የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከባህር ተቀድቶ ጨው የወጣለት ነው፤ ጨውን ማውጣት ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ኤሌክትሪኩ በአመዛኙ የሚመነጨው በውድ ዋጋ ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የመጠጥ ውኃ ዋጋም አብሮ ይንራል። መንግሥት በ2030 ግማሹን ኤሌክትሪክ ከታዳሽ ምንጭ ለማግኘት ዕቅድ የያዘው ለዓለም ሙቀት ተቆርቁሮ ብቻ አይደለም፤ የእናቶች እንስራ ከነዳጅ ገበያ እንዲላቀቅ ነው። የአምስተኛው መርሐ ግብር ስያሜ ልማትን፣ የአየር ንብረትንና ኃይልን ያጣመረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሉክሰምበርግ በኩልም የልማት ትብብር ሚኒስቴር ብቻ ሳይሆን የአየር ንብረትና የኃይል ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ገብተውበታል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስና፣ አገሪቱ ከዝርዝሩ ከወጣች በኋላ እርዳታው ለምን ቀጠለ? ኬፕ ቨርዴ የተባበሩት መንግሥታት በልማት እጅግ ወደኋላ ቀሩ ከሚላቸው አገሮች ዝርዝር የወጣችው በታኅሣሥ 2007 ነው፤ ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገች ቦትስዋና ብቻ ነበረች። መውጣቱ ክብር ነው፤ ዋጋም አለው። ልገሳው ይቀንሳል፣ ብድሩ ይበዛል። በእርግጥም የሆነው ይኸው ነው፤ የመንግሥት ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በልጦ ሄደ። ለምሳሌ ፖርቹጋል ለመኖሪያ ቤት ግንባታ የከፈተችው 200 ሚሊዮን ዩሮ የብድር መስመር ሥራውንም ዕቃውንም ከፖርቹጋል ኩባንያዎች ጋር ያሰረ ነበር። ወለዱ ዝቅተኛ ቢሆንም ብድር ብድር ነው፤ የሚከፈለውም በኬፕ ቨርዴ ግብር ከፋይ ነው። በኋላ ፖርቹጋል ራሷ በ2023 የዕዳውን 12 ሚሊዮን ዩሮ ለአየር ንብረትና ለአካባቢ ጥበቃ እንዲውል መስማማቷ የሚያስመሰግን እርምጃ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ ቱሪስቱ በአንድ ጊዜ ሲቀር ደግሞ ኢኮኖሚው በ2020 ከአስር በመቶ በላይ ወደቀ። የአንድ አገር አማካይ ገቢ ከፍ ማለቱ ከእንዲህ ያለ ድንገተኛ መዓት አይጠብቃትም። ከዝርዝር በወጡት አገሮች ላይ በሩን ወዲያው መዝጋት ውጤት ያሳየን አገር ስለ ውጤቱ መቅጣት ይሆናል፤ በዚህ ጉዳይ ሉክሰምበርግ ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ለውጡ የማን ነው ለሚለው፣ የአንድን ለጋሽ ድርሻ ለይቶ በቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት፣ ፖርቹጋል፣ ስፔን፣ የዓለም ባንክና የአሜሪካው የሚሌኒየም ቻሌንጅ ኮርፖሬሽን ሁሉ በዚያች አገር ሠርተዋል። ስደተኛው የሚልከው ገንዘብ ደግሞ ከየትኛውም ለጋሽ የበለጠ ነው። ከ1991 ጀምሮ ሥልጣን በምርጫ በሰላም ሲቀያየር መኖሩም ከማንኛውም ፕሮጀክት የላቀ ሀብት ነው። በጥር 2024 የዓለም ጤና ድርጅት አገሪቱን ከወባ ነፃ ብሎ ሲያረጋግጥ ከበስተጀርባው የነበረው የብዙ ዓመት የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥራ ነው። አንድ ነገር መጨመር ይኖርብኛል፤ የለጋሾች መብዛት በትንሽ መንግሥት ላይ ሸክም ነው። ጥቂት ባለሙያዎች ያሉት መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ለጋሽ የተለየ ሪፖርት ሲጽፍ ቢውል የራሱን ሥራ መቼ ይሠራል? የበጀት ድጋፉ ከጥቅሞቹ አንዱ ይህን ማቃለሉ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህ አሠራር ሌላ ቦታ ይሠራል ወይ? ሉክሰምበርግ በሴኔጋል፣ በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶና በኒጀርም በዚያው በሉክስዴቭ፣ በዚያው የልገሳ ደንብ ስትሠራ ቆይታለች። በኒጀር በሐምሌ 2023 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ግን ሉክሰምበርግ ከመንግሥት ጋር የነበራትን ትብብር አቋረጠች። በዚህ ጊዜ የችግሩ ባሕርይ ግልጽ ሆነ፤ በመንግሥት ግምጃ ቤት በኩል የሚያልፍ እርዳታ የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች ሕጋዊ ነው የሚሉት መንግሥት እስካለ ድረስ ነው። ያ ሲጠፋ ለጋሹ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ወደ መንግሥታዊ ያልሆኑ ማኅበራት መዞር ይኖርበታል፤ ይህ ሕዝቡን ከረሃብ ያድናል፣ የመንግሥትን ተቋም ግን አይገነባም። ስለዚህ ጠያቂዬ የኬፕ ቨርዴን አሠራር ለሌላ አገር ሲያስቡ፣ መጀመሪያ የለጋሹን ደግነት ሳይሆን የዚያን አገር የበጀት ሕግ፣ የኦዲት መሥሪያ ቤቱን ነፃነትና የሥልጣን ሽግግሩን መንገድ እንዲመረምሩ እመክራለሁ።